ጎማውን ማን ነፋው?

ጠቡ የተነሳው በአንድ ቁጥር ነው። ሾፌሩ ከጂቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ማታ ቃሊቲ ገብቶ ያደረ ነው። ጎሚስታው ደግሞ ከጉዞው በፊት የዚያኑ መኪና ጎማዎች በሙሉ 8 ባር ነፍቶ የሸኘው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ጌጅዎ ይዋሻል» አለ ሾፌሩ ከጋቢና ሳይወርድ። «8 ነው ብለው ሰጡኝ። ጂቡቲ ደርሼ ስለካው ዘጠኝ ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሊፈነዳብኝ ነበር እኮ!»

«እና ምን አደረግክ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አስተነፈስኩታ። ሁሉንም 8 ላይ መለስኩት።»

ጎሚስታው በቀለም የጠቆረ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ጌጁን አነሳና ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ አለ። ይህን ጊዜ ጥግ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስማር የወጋው የቪትዝ ጎማዋ እስኪጠገንላት የምትጠብቀው ሴት ከተማሪ ደብተሮቿ ቀና አለች። በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች።

«ጋሼ፣ ከመለካትዎ በፊት ልገምት?»

ሁለቱም ዞር ብለው አዩዋት።

«ወንድሜ፣ ጂቡቲ ስትለካው ጎማው ትኩስ ነበር?»

«ትኩስ ትያለሽ እንዴ! እጅ አያስነካም። በዚያ ፀሐይ ስነዳ ውዬ።»

«እንግዲህ 70 ዲግሪ እንበለው። ዛሬ ጠዋት እዚህ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው።» ከደብተሮቹ በአንዱ ጀርባ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ጫጫረች። «7 አይሞላም። 6.8 አካባቢ ነው።»

ጎሚስታው ጌጁን ቫልቩ ላይ ደቀነው። መርፌዋ 7 ከሚለው ምልክት ጥቂት ዝቅ ብላ ቆመች። ሁለተኛውን ጎማ ለካ፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም ለካ። ከዚያ መርፌዋን ለሾፌሩ አዙሮ አሳየውና ዝም አለ። ጌጁ አልዋሸም ለማለት ከዚህ የበለጠ ንግግር አላስፈለገውም።

«በዘጠኝ ተኩሉ ጊዜ ማን ነፋበት ታዲያ?» አለ ሾፌሩ። «አሁንስ ማን አጎደለው?»

«የነፋበት ሰው የለም። ያጎደልከው ግን አንተ ነህ» አለች መምህሯ። «ጌጅ አየር አይቆጥርም፤ ግፊት ነው የሚያነበው። ግፊት ደግሞ ከሁለት ነገር ይመጣል፦ አየሩ ምን ያህል ታጭቋል፣ ምን ያህልስ ሞቋል። ከቃሊቲ ስትወጣ ጎማው ውስጥ የታጨቀው አየር ጂቡቲም ስትደርስ ያው ነበር። አንዲት ግራም አልተጨመረበትም። የተጨመረው ሙቀት ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል፤ መምህሯም ያደረገችው ይህንኑ ነው። እፍጋት ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ቦታ ውስጥ ስንት ኪሎ ነገር አለ ማለት ነው። ጎማ ደግሞ ውስጡ ብዙም የማይለጠጥ የሽቦ መረብ አለው፤ ሲሞቅ ከቁጥር የሚገባ አያብጥም። አየሩ ካልወጣና ቦታው ካልሰፋ እፍጋቱ ባለበት ይቆያል። ግፊቱ ግን መጠነ ሙቀቱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። የሂሳቡ ቀመር አጭር ነው፦ የአንድ ጋዝ ግፊት እፍጋቱ፣ መጠነ ሙቀቱና ለዚያ ጋዝ የተለየ አንድ ቋሚ ቁጥር ሲባዙ የሚገኘው ነው። ለደረቅ አየር ቁጥሩ 287 ነው፤ ግፊቱ በፓስካል፣ ሙቀቱ በኬልቪን ከተለካ።

«ኬልቪን ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጎሚስታው።

«በሴልሺየስ ላይ 273 መደመር ነው ጋሼ። የ15 ዲግሪ ጠዋት 288 ይሆናል፤ የ70 ዲግሪ ጎማ ደግሞ 343።»

«273ን ከየት አመጣችሁት?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስንቱ ተማሪ ሳይጠይቀው ፈተና አልፏል። መልሱ ራሱ ከጋዝ ግፊት የመጣ ነው። ጊዮም አሞንቶን የሚባል ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1700ዎቹ መጀመሪያ በታሸገ አየር ላይ ሲሞክር፣ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ግፊቱ በእኩል እርምጃ እንደሚወርድ አየ። እንዲያ እየወረደ ከሄደ ግፊት ጨርሶ የሚጠፋበት የቅዝቃዜ ጫፍ መኖር አለበት አለ። ያ ጫፍ ዛሬ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ መሆኑ ይታወቃል። የኬልቪን መለኪያ ቆጠራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«በል አሁን አብረን እናስላ» አለች ለሾፌሩ። «ጌጁ 8 ሲል እውነቱ 8 አይደለም። ጌጅ የሚነግርህ የውስጡ ግፊት ከውጪው በስንት እንደሚበልጥ ነው። ጎማህ ተንፍሶ መሬት ሲነካ ጌጁ ዜሮ ይላል፤ ውስጡ ግን ባዶ አይደለም፣ ልክ እንደ ውጪው አየር አለው። እዚህ ቃሊቲ የውጪው አየር ግፊት 0.78 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ሲነፋ ውስጡ የነበረው ሙሉ ግፊት 8.78 ነው። እሱን በ288 አካፍለህ በ343 አባዛው።»

ሾፌሩ ስልኩን አወጣ። «10.46 ገደማ።»

«ጂቡቲ ባሕር ዳር ስለሆነች የውጪው ግፊት 1.01 ነው። ቀንስለት።»

«9.45።» ፊቱን አነሳ። «ያየሁት እኮ እሱን ነው!»

«እሱን ነው። ከዚያ 8 እስኪል አስተነፈስክ። በዚያን ጊዜ ከየጎማው አየሩ ላይ 14 በመቶ ያህል ጣልክ። ማታ መጥተህ ቃሊቲ ሲቀዘቅዝ የቀረው አየር እንደገና ግፊቱ ወረደ፤ 6.8 ሆነ። ጌጁ ሁለቱንም ጊዜ እውነት ተናግሯል።»

«እንግዲያ በ6.8 ነው አፋርን ያቋረጥከው!» አለ ጎሚስታው፣ አሁን ድምፁ ከፍ ብሎ። «ያንን ሁሉ ማዳበሪያ ተሸክመህ!»

መቆጣቱ ልክ ነው። የጎማ ፋብሪካዎች ትኩስ ጎማ አታስተንፍሱ የሚሉት ለዚህ ነው። በፋብሪካው የተጻፈው ግፊት የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚመጣው ጭማሪ አስቀድሞ ታስቦበታል። አየሩ የጎደለ ጎማ በጭነት ስር ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ጎማውን ከሽቦው ያላቅቀዋል። ብዙ ሾፌር እንዳይፈነዳበት ብሎ የሚያስተነፍሰው ጎማ በኋላ የሚፈነዳው በዚሁ ጦስ ነው።

ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አስነሳና ቱቦውን እየጎተተ መጣ። በጫጫታው መሃል ነበር ሾፌሩ 14 በመቶው አየር ስንት እንደሚሆን የጠየቀው፤ እንደ ቀልድ፣ አየር መቼም አይመዘንም በሚል ስሜት።

ይመዘናል። በቃሊቲ ጠዋት አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.94 ኪሎ ገደማ ነው። 8 ባር የተነፋ ጎማ ውስጥ ያለው ግን በዚሁ ቀመር ሲሰላ በሜትር ኩብ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ ይሆናል፤ ከውጪው 11 እጥፍ የታጨቀ ማለት ነው። አንድ የጭነት መኪና ጎማ 150 ሊትር ያህል ቢይዝ ውስጡ 1.6 ኪሎ አየር አለ። መኪናው ከነተሳቢው 22 ጎማ ካለው 35 ኪሎ አየር ይዞ ይሄዳል። ሾፌሩ ጂቡቲ ላይ የደፋው ወደ 5 ኪሎ ገደማ ነው።

«5 ኪሎ አየር!» አለ ሾፌሩ። ለጊዜው ከጎማው ይልቅ ይህ የገረመው ይመስላል።

ግፊትና እፍጋት አብረው እንደሚሄዱ መጀመሪያ በቁጥር የታየው በአንድ የመስታወት ቱቦ ነው። የአየርላንድ ተወላጁ ሮበርት ቦይል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1662 ባሳተመው ሥራ ታሪኩን ዘርዝሮታል። ቱቦው አንድ ጫፉ ተደፍኖ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ሌላው ክንዱ እጅግ ረጅም ነበር፤ ርዝመቱ ክፍል ውስጥ ስላልበቃ ደረጃ ላይ ነው ያቆሙት። በረጅሙ ክንድ ሜርኩሪ ሲፈስበት በአጭሩ ክንድ የታፈነው አየር እየተጨመቀ ይሄዳል። የከባቢ አየሩ ግፊት ብቻ ሲጫነው፣ ማለትም 29 ኢንች ያህል ሜርኩሪ ሲሆን፣ አየሩ 48 መስመር ይዞ ነበር። ቦታው በግማሽ ጠብቦ 24 ሲሆን ግፊቱ ወደ 59 ኢንች ተጠጋ። እንደገና ተጋምሶ 12 ሲሆን 117 ኢንች ተኩል ገደማ ደረሰ። ቦታው ሲጋመስ እፍጋቱ ይታጠፋል፤ ግፊቱም አብሮ ይታጠፋል።

ለሐሳቡ መነሻ የሆኑት ግን ሪቻርድ ታውንሊና ሄንሪ ፓወር ናቸው፤ በ1661 ጸደይ እንግሊዝ አገር ፔንድል የሚባል ኮረብታ ላይ መለኪያ ይዘው ወጥተው ነበር። ቦይል ራሱ የታውንሊ መላምት ብሎ ጠቅሶታል። ዓመታት ቆይቶ ኤድም ማሪዮት ያንኑ ስለጻፈ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ሕጉን በእሱ ስም ይጠሩታል። ሕጉ በቦይል ስም መቅረቱ ለታውንሊና ለፓወር ፍትሕ አይመስልም፤ ነገር ግን ሠንጠረዡን ቁጥር በቁጥር ለሕዝብ ያወጣው እሱ ነው።

«እሱ ያደረገውን እርስዎ በየቀኑ ያደርጉታል ጋሼ» አለች መምህሯ። «ልዩነቱ እሱ ሜርኩሪውን ቀስ ብሎ ነው ያፈሰሰው። አየሩ ሲጨመቅ የሚያገኘውን ሙቀት በመስታወቱ በኩል እየጣለ እንዲሄድ ጊዜ አግኝቷል። የእርስዎ ኮምፕሬሰር ግን ጊዜ አይሰጥም።»

«ለዚህ ነዋ ራሱን መንካት የማይቻለው።» ጎሚስታው የኮምፕሬሰሩን ፒስተን ቤት በአገጩ አመለከተ። «አንዱ ልጅ እጁን ጣል አድርጎበት ላጥ አድርጎታል። ሞተሩ ነው የሚያሞቀው ሲለኝ፣ አይደለም አየሩ ነው ስለው አላመነኝም።»

ትክክል ነው። ፒስተኑ ወደፊት ሲገፋ የአየሩን ሞሎኪዩሎች መልሶ ይመታቸዋል፤ ከመጡበት ፍጥነት በበለጠ ፍጥነት ይመለሳሉ። ሙቀት ማለት ደግሞ ይኸው የቅንጣቶቹ ፍጥነት ነው። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ይህን ሥዕል ነው በመጽሐፉ ያቀረበው፦ ጋዝ በየአቅጣጫው የሚበር የደቃቅ ቅንጣት መንጋ ነው፤ ግፊት ቅንጣቶቹ ግድግዳውን ሲደበድቡት የሚፈጠር ግፊያ ነው። መንጋው ሲታጨቅ በየሰከንዱ የሚመቱት ይበዛሉ። ሲሞቅ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ይበረታል። በርኑሊ ይህን ካለ በኋላ ሰው በቁም ነገር እስኪይዘው አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ጎማዎቹ አንድ በአንድ እየተነፉ ሳለ ከጎሚስታው አጠገብ ሸራ ዘርግታ ሻይ የምትሸጠው ሴት ብቅ አለች። ቡታጋዟ አልቆባት የብየዳ ቤቱን ልጅ ተሸክሞ እንዲያስሞላላት ልትለምን ነው የመጣችው።

«ትናንት እኮ ጥሩ ይነድ ነበር» አለች። «ነበልባሉ ምንም አልቀነሰም። ዛሬ በድንገት ጭጭ!»

ሾፌሩ ወዲያው ትምህርቱን ለማሳየት ቸኮለ። «ጌጅ ብትገጥሚለት ግፊቱ ሲቀንስ ታይ ነበር።»

«አታይም» አለች መምህሯ። ሾፌሩ ተከፋ። «ለኦክሲጅን ቢሆን ልክ ነህ። ያንን የበያጁን ሲሊንደር ተመልከት። 40 ሊትር የሚይዝ ነው እንበል፤ 150 ባር ሲል ወደ 6,000 ሊትር የሚሆን ኦክሲጅን ታጭቆበታል። 75 ሲል ግማሹ ቀርቷል። ሐኪም ቤትም ነርሶች በዚሁ ነው የሚያሰሉት፤ በሽተኛው በደቂቃ 5 ሊትር የሚወስድ ከሆነ ሙሉው ሲሊንደር 20 ሰዓት፣ ግማሹ 10 ሰዓት ይቆያል። በኮቪድ ጊዜ ስንት ሰው ዓይኑን ከዚያች መርፌ ላይ ሳይነቅል አድሯል። ቡታጋዝ ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው።»

ይህ ሕጉ የሚሰበርበት ቦታ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ማየት የሚገባውም እሱ ነው። ቡታጋዝ ውስጥ ያለው ቡቴን ሲጨመቅ እንደ ማንኛውም ጋዝ እፍጋቱና ግፊቱ አብረው ይወጣሉ፤ ግን እስከ አንድ ደረጃ ብቻ። በ20 ዲግሪ ሙሉ ግፊቱ 2 ባር ገደማ ሲደርስ ሞሎኪዩሎቹ በጣም ስለሚቀራረቡ እርስ በርስ መሳሳባቸው ያሸንፍና ፈሳሽ መሆን ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢጨመርበት ግፊቱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚጨምረው ፈሳሹ ነው። ሲነድም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ጋዝ ሲወጣ ከፈሳሹ ተንኖ ይተካል፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትተን ነበልባሉ ያው ነው። ከዚያ ጭጭ። የቡታጋዝ ሲሊንደር በሚዛን እንጂ በጌጅ የማይሸጠው ለዚህ ነው። የኔዘርላንዱ ዮሐንስ ቫን ዴር ቫልስ በ1873 ለዶክትሬቱ በጻፈው ጥናት የሞሎኪዩሎቹን መሳሳብና የሚይዙትን ቦታ ሂሳብ ውስጥ አስገብቶ የቦይልን ሕግ አረመው፤ በ1910 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

«በብርድ ጠዋት የሚለግመውስ?» አለች ሻይ ሻጯ። ሁሉንም ባትሰማም የሚያገባትን ሰምታለች።

«ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይተንም እናቴ። ግፊቱን የሚወስነው የቀረው ጋዝ ብዛት ሳይሆን ብርዱ ነው።»

ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ቱቦውን ጣል አድርጎ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደ። «ና፣ እናንተም ኑ፣ እኔም አንድ ላሳይ።» ጎንበስ ብሎ ከጋኑ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፈታት። ፉጨት ተሰማ፤ ከፉጨቱ ጋር ዝገት የቀላቀለ ውሃ ተፍ ተፍ እያለ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። «ማታ ማታ አወጣዋለሁ። በክረምት ከዚህ ብዙ ነው የሚወጣው። ውሃ የጨመረበት ሰው የለም።»

መምህሯ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይህን ክፍል ውስጥ ቢያሳዩልኝ ኖሮ አንድ ሳምንት ባተረፍኩ።»

አየር ውስጥ ምንጊዜም የውሃ እንፋሎት አለ። ኮምፕሬሰሩ አየሩን አሥር እጥፍ ሲያጭቀው እንፋሎቱም አብሮ ይታጨቃል። ናይትሮጅንና ኦክሲጅን በዚያ ግፊት ምንም አይሆኑም፤ እንፋሎቱ ግን ጋኑ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ቡታጋዙ ከጣሪያው ይደርስና ውሃ ይሆናል። አንድ ጋን፣ አንድ ግፊት፤ ግማሹ ጋዝ ሕጉን ሲያከብር ሌላው ይጥሰዋል።

«ናይትሮጅን ካልሽ» አለ ሾፌሩ፣ «አሁን ናይትሮጅን የሚሞሉ አሉ። በሙቀት አይጨምርም ይላሉ። እውነት ነው?»

«ይጨምራል። ከምትነፋው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የቀረችዋን ብታወጣት ሕጉ አይለወጥም። ከ288 ወደ 343 ከሄደ ናይትሮጅኑም በዚያው ልክ ይወጣል። ጥቅሙ ደረቅ መሆኑ ነው። ጋሼ አሁን ያፈሰሱት ዓይነት ውሃ ጎማህ ውስጥ ከገባ ሲሞቅ ተንኖ የራሱን ግፊት ይጨምራል፣ ቸርኬውንም ያዝገዋል። የአውሮፕላን ጎማ በናይትሮጅን የሚሞላበት ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ ፍሬን ሲያግል እሳት የሚያቀጣጥል ኦክሲጅን ውስጡ እንዳይኖር ነው።»

«ብር ያስከፍላሉ» አለ ጎሚስታው በአጭሩ። ለዚህ ርዕስ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው አልፈለገም።

ከላይ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እየጮኸ አለፈ፤ ቦሌ ቅርብ ነው። ሾፌሩ አንጋጦ ተከተለው። «እህቴ ዋሽንግተን ነች» አለ። «ከዚያ ስትመጣ አንድ ጊዜ ተነስታ አዲስ አበባ ነው የምታርፈው። ስትመለስ ግን መሃል ላይ ያርፋሉ፤ አንዴ ደብሊን፣ አንዴ ሎሜ። ነፋሱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ነፋሱም አለበት፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ይቃወመዋል። ዋናው ግን ከፍታና እፍጋት ነው።»

ይህን ለመረዳት ከጎማው ወጥቶ ወደ ሰማዩ መሄድ ያስፈልጋል። ቦይል የአየርን ባሕርይ ከተነባበረ የሱፍ ክምር ጋር አመሳስሎት ነበር፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል፣ ከላይ ያለው ይሳሳል። ባሕር ወለል ላይ ያለ አየር የከባቢውን ጠቅላላ ክብደት ይሸከማል። ከፍ በተባለ ቁጥር ከላይ የሚቀረው አየር እያነሰ፣ ግፊቱ እየወረደ፣ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል፤ በየ5 ኪሎ ሜትር ተኩሉ ግፊቱ በግማሽ ግድም ይቀንሳል። መጀመሪያ በተራራ ላይ የተለካው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ብሌዝ ፓስካል ጤናው ስላልፈቀደለት የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ላከው። ፔሪዬ የሜርኩሪ ቱቦውን ይዞ ፒዩ ደ ዶም ተራራ ላይ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ። ሌላ ቱቦ ታች ገዳም ውስጥ ቀርቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቀው ነበር፤ የዚያኛው ቱቦ ሜርኩሪ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት ልኬት የተመቸች ምድር ናት። ከራስ ዳሽን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ተነስቶ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ እስከሚለው ዳሎል መውረድ ይቻላል። ዳሎል ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ እንኳ ይበልጣል። ሆኖም ቀትር ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩቡ 1.14 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ በ15 ዲግሪ ባሕር ወለል ላይ ካለው 1.225 ኪሎ ያንሳል። ግፊቱ የበለጠ ሆኖ አየሩ የሳሳ። ግፊትን ብቻ አይቶ እፍጋትን መናገር እንደማይቻል ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አይገኝም።

«ቦሌስ?» አለ ሾፌሩ።

«ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ሲል አየሩ በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ጎድሏል። የአውሮፕላን ክንፍ የሚደገፈው በዚያ አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በስድስት አንድ እጅ ያህል መፍጠን አለበት። ሞተሩም የሚምገው አየር ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። ደክሞ እያለ የበለጠ ፍጠን ነው የሚባለው።»

«አስፋልቱን ማስረዘም ነዋ!»

«ረዝሟል፤ 3,800 ሜትር ነው። ግን ጎማም የራሱ የፍጥነት ወሰን አለው፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ተነስቶ ተራራውን ማለፍ መቻል አለበት። ስለዚህ ክብደት ይቀንሳሉ። መንገደኛውን ትቶ ከመሄድ ነዳጅ ቀንሶ ተነስቶ፣ ዝቅ ያለ አገር አርፎ መሙላት ይሻላል። ሎሜ ባሕር ዳር ናት፤ ደብሊንም ዝቅ ያለች ናት። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሲመለስ ወፍራሙን አየር ይዞ፣ ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል።»

«በብርድ ቢነሳስ?» ያለው ጎሚስታው ነው። የመጨረሻውን ጎማ እየነፋ ስለነበር የሚያዳምጥ አይመስልም ነበር።

«ይሻለዋል። ግፊቱ ያው ሆኖ አየሩ ሲቀዘቅዝ እፍጋቱ ይጨምራል። በጎማ ውስጥ እፍጋቱ ቆሞ ግፊቱ ነው የሚለዋወጠው፤ በሜዳ ግን ግፊቱ ቆሞ እፍጋቱ ይለዋወጣል። ከቀትር ይልቅ ሌሊት ላይ የበለጠ ጭኖ መነሳት ይችላል።»

ጎሚስታው ቱቦውን ነቀለ፣ መክደኛዋን አጠበቀ፣ ጌጁን ለመጨረሻ ጊዜ ደቀነ። 8። ከዚያ ቀና ብሎ ተሳቢው ላይ እስከ አፉ የተከመረውን ጆንያ አንድ ጊዜ፣ ሾፌሩን አንድ ጊዜ ተመለከተ።

«ሰማህ? አውሮፕላን እንኳ አየሩን አይቶ ጭነት ይቀንሳል። አንተ ስንት ኩንታል ነው የጫንከው?»

«ሂሳቤ ስንት ነው ጋሼ?» አለ ሾፌሩ፣ ኪሱን እየዳበሰ።